ከጠዋቱ አራት ሰዓት ውሃ የሚጠጣው ድንጋይ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነግሮኝ፣ ከሆነ ቦታ ለቅሜ ያመጣሁት ወሬ አይደለም። ያላመነኝ እዚሁ ላይ ማንበቡን ቢተው አልቀየመውም።

ደግሞ ካሁኑ ልንገራችሁ... ሌሊት የለበትም። ጨለማ፣ መብራት መጥፋት፣ በር መንኳኳት ምናምን የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ። ሁሉም ነገር የሆነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ። ልብስ አስጥቼ፣ ሩዝ ጥጄ፣ ጎረቤት ሬዲዮውን ለቆት...

ቦታው የባሌ ወላጆች ቤት ጓሮ ነው። ከጃፓን በስተ ምዕራብ ባለው ባሕር ላይ ያለች አንዲት ደሴት፣ ዓሣ አጥማጆች መንደር። የመንደሩን ስም አልጠራም፤ ሰዉ ያውቀኛል።

ስሜ ቺዙሩ ነው። ከዋናው ምድር በትዳር ወደዚህ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ።

መጀመሪያ ግን ቤተሰቡን እወቁልኝ።

የባሌ አባት፣ አባባ ኩኒዮ፣ ጡረታ የወጡ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ናቸው። አይጠጡም፣ ቁማር አያውቁም፣ ከሰው አይጣሉም።

ድንጋይ ያሳድጋሉ።

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት። ከወንዝና ከባሕር ዳር ቅርጹ ያማራቸውን ድንጋይ ያመጣሉ። አሸዋ በተነጠፈበት የእንጨት ትሪ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ በትንሽ ጣሳ ውሃ ያጠጡታል፣ ፀሐይ ያሞቁታል። አምስት ዓመት... አሥር ዓመት... ቆዳው እስኪወዛ ድረስ። እንዲህ የሚያደርጉ ሽማግሌዎች በአገራችን ጥቂት አይደሉም፤ ማኅበር ሁሉ አላቸው።

ሚስታቸው እማማ ቶሺኤ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሚሰፉት ለማን መሰላችሁ? ለድንጋይ። የሞቱ ሕፃናት ጠባቂ ነው የሚባል ጂዞ የሚሉት ትንሽ የድንጋይ ሐውልት አለ። ሕፃናት ለሃጫቸው እንዳያረጥባቸው ደረታቸው ላይ የሚታሰረውን ዓይነት ቀይ ጨርቅ እየሰፉ አንገቱ ላይ ያስሩለታል። ሲያረጅ ይቀይሩለታል። ብርድ ሲመጣ ቆብ ይጨምሩለታል።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ጣሪያ ሥር አንደኛው ድንጋይ ያጥባሉ፣ አንደኛዋ ድንጋይ ያለብሳሉ።

ደግሞ እርስ በርስ ይፎጋገራሉ።

"ሽማግሌው፣ ያንተዎቹ ቁርስ በሉ?" ይላሉ እማማ።

"ያንቺዎቹስ ጉንፋኑ ተሻላቸው?" ይላሉ አባባ።

አንዳቸው የሌላውን ነገር እንደ እብደት ነው የሚያዩት። አባባ አንድ ቀን እንኳ እማማን ተከትለው ወደ ጸሎታቸው ቦታ ሄደው አያውቁም። እማማም ያ የድንጋይ መደርደሪያ ባለበት በኩል አያልፉም፤ ልብስ ለማስጣት እንኳ ዞረው ነው የሚሄዱት። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

እኔማ የከተማ ልጅ ነኝ። በሁለቱም ነበር የምስቀው። በመጣሁ በሳምንቱ ባሌን ሹንጂን፣ "ቤተሰቦችህ ጤነኛ ናቸው?" ብዬ ጠየቅኩት። ሹንጂ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ቤት የሚያድረው። ሳቀብኝና ድንጋይ ሰው አይጎዳም አለኝ።

...

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት አረገዝኩ። በስምንተኛው ወር ልጅቷ መንቀሳቀስ አቆመች።

ወለድኳት። አላለቀሰችም።

አዋላጇ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት። ያልተነፈሰ ልጅም እንደሚመዘን ያኔ ነው ያወቅኩት። ሁለት ኪሎ ከመቶ አርባ ግራም። ቁጥሩን ትንሽ ካርድ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ካርዷን የቁም ሣጥን መሳቢያ ወረቀት ሥር ደበቅኳት። ለሹንጂ እንኳ አላሳየኋትም። ባሕር ላይ ነበር፤ ሲደርስ ሁሉም አልቆ ነበር።

ስም አላወጣሁላትም። ለማን ብዬ?

እኛ ዘንድ እንዲህ ይባላል። ከወላጁ ቀድሞ የሞተ ሕፃን ወንዙን አይሻገርም። ዳር ቁጭ ብሎ ጠጠር በጠጠር ላይ ይከምራል። ክምሩ ሲሞላለት ይሻገራል... ግን ሊሞላ ሲል የሚያፈርስበት አለ። ያለቅስና ሀ ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ወላጅ በዚህ በኩል ሆኖ ድንጋይ ያስቀምጥለታል። ያግዘዋል ማለት ነው።

በደሴታችን ለዚህ የሚሆን ዋሻ አለ። ባሕሩ ዳር፣ ከቤታችን አርባ ደቂቃ በእግር። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር የጠጠር ክምር ነው። ከዚያ አንዲት ጠጠር ይዞ መውጣት ክልክል ነው። የተጻፈ ሕግ የለም፤ የደሴቱ ልጅ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

እማማ ቶሺኤ አብረን እንሂድና ድንጋይ እናስቀምጥላት አሉኝ። እምቢ አልኩ። እንደውም ክፉ ተናገርኩ። ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ልጄን አይመልስልኝም አልኳቸው። ብቻቸውን ሄዱ። በየወሩ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተከተልኳቸውም። ይህ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

...

ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና አረገዝኩ። የአራት ወር ሆዴን ይዤ፣ ምንም እንዳይሆን እየፈራሁ፣ ደረጃ እንኳ በጎን እየወረድኩ...

ሚያዝያ ነበር። የብርዱ ወራት ከባድ ማዕበል አምጥተው ነበርና የባሕሩ ዳር ሁሉ ተገለባብጦ ነበር። አባባ ኩኒዮ አንድ ቀን በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ፊታቸው እንደ ልጅ እያበራ መጡ።

አዲስ ድንጋይ።

ጥቁር ነው። እፍኝ ሙሉ የሚሆን፣ ድቡልቡል። ከመሃሉ ተነስቶ ጎኑ ላይ የሚጠመዘዝ ቀይ ሥር አለው። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው። ሳቁ። ድንጋይ ለቃሚ ቦታውን አይናገርም፤ እንጉዳይ ለቃሚም እንደዚያው ነው።

ትሪው ላይ አስቀመጡት። ለነሱ እያንዳንዱ ድንጋይ ፊት አለው። ፊቱን መርጠው፣ ወደ ባሕሩ አዙረው አደላደሉት። በዓሣ ሚዛን መዝነው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ውሃ አጠጡት።

ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ ያየሁት ትንሽ ነገር ነው። አራት ሰዓት ላይ ውሃ ሲጠጡ ሌሎቹ ድንጋዮች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይደርቃሉ። እሱ ግን ስድስት ሰዓትም እርጥብ ነው... ሰባት ሰዓትም እርጥብ ነው። ልብስ ላነሳ ስወጣ አየዋለሁ። ያብረቀርቃል።

ጥቁር ስለሆነ ነው አልኩ።

ቀጥሎ አባባ ተቆጡኝ። ድንጋዩን ማን እንደሚያዞርባቸው ጠየቁኝ። ማታ ወደ ባሕሩ አዙረውት ይገባሉ፣ ጠዋት ሲወጡ ፊቱ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ነው። እኔ ቆሜ ሳህን ወደማጥብበት።

እኔ አልነካሁትም አልኳቸው። አላመኑኝም። አሸዋውን በላባ አስተካከሉት፣ አሻራ ቢኖር እንዲታይ። በነጋታው አሸዋው እንደተስተካከለ ነው። ድንጋዩ ግን ዞሯል።

አባባ ጭንቅላታቸውን እያከኩ ድመት ይሆናል አሉ። ድመት ሁለት ኪሎ ድንጋይ ካዞረች መርከብም ትንዳ በሏት አልኳቸውና ተሳሳቅን።

ከሳምንት በኋላ የወጥ ቤቱ በር ደረጃ ላይ አንዲት ጠጠር አገኘሁ። በእግሬ ገፋኋት።

በነጋታው ሁለት። አንዷ ባንዷ ላይ።

በሦስተኛው ቀን ሦስት... ከታች ሰፊዋ፣ ከላይ ባቄላ የምታክል። ልጅ እንደሚደረድረው።

በሰፈራችን ልጅ የለም። ትንሹ የሰፈራችን ሰው ሹንጂ ነው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ።

አላፈረስኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እግሬን አንስቼ ተሻገርኩት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከባቄላዋ ሥር አንድ ይጨመር ጀመር።

...

ግንቦት አጋማሽ ላይ ራት እየበላን ነው። አባባ ሾርባቸውን እያማሰሉ፣ ሚዛናቸው ሳይበላሽ እንደማይቀር ነገሩን። ያ አዲሱ ድንጋይ ዛሬ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ስልሳ ግራም አለባቸው።

"ስንት ነበር?" አልኳቸው። ለወሬ ያህል ነው የጠየቅኩት።

"ያመጣሁት ቀን ሁለት ኪሎ ከመቶ አርባ።"

መብያ እንጨቴ ከእጄ ወደቀ።

"ስንት?"

"ከመቶ አርባ።"

"ሌሎቹስ? ሌሎቹን መዝነዋል?"

"ሌሎቹማ እንደነበሩ ናቸው" አሉ። "ምነው ልጄ፣ አመመሽ?"

ያን ቁጥር በዚያ ቤት ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

እማማ ቶሺኤ ፊታቸውን አጨፍግገው፣ ገበታ ላይ እንኳ የድንጋይ ወሬ ብለው ሳህኖቹን አነሱ። ስለ ቁጥሩ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እኔም አልተነፈስኩም።

በነጋታው አራት ሰዓት ላይ አባባን ዛሬ እኔ ላጠጣቸው አልኳቸው። ደስ አላቸው። በመጨረሻ ከቤታቸው አንድ ሰው ገባው መስሏቸው፣ እንዴት ጣሳውን እንደምይዝ፣ ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከጎን እንደማፈስ አስተማሩኝ።

እጄን ከድንጋዩ ሥር አስገባሁ። ላዩ ቀዝቃዛ ነው። ሥሩ ሞቃት ነው።

እናንተ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ግን መሸሽ ሲገባኝ ደስ አለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እጄ ባዶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ሰዓት የእኔ ሆነ። ሥራዬን አጣድፌ እጨርስና እወጣለሁ። እቀመጣለሁ። ጭኔ ላይ አደርጋታለሁ። አያችሁ? "እሷ" ማለት ጀመርኩ። ከእማማ ሳጥን አንድ ቀይ ጨርቅ ሰርቄ አሰርኩላት። ዋናው ምድር ላይ ያለች እህቴ በስልክ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ድንጋይ ውሃ እያጠጣሁ ነው አልኳት። እሷም ደሴቱ አሳበደሽ ብላ ሳቀች።

አንድ ቀን ደረቴ ረጠበ። ውሃው የፈሰሰብኝ መስሎኝ ነበር...

ወተት ነበር። ገና የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ።

...

ሰኔ ላይ ክትትል ነበረኝ። ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዴ ላይ እያንሸራተተች ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ።

"ሞተ?" አልኳት።

"አልሞተም፣ ልቡ ይመታል" አለች። "ግን አላደገም። ባለፈው ወር ሦስት መቶ ሃያ ግራም ነበር። ዛሬም ሦስት መቶ ሃያ ነው። ቢያንስ ሌላ ሦስት መቶ መጨመር ነበረበት።"

በቂ እበላ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እበላለሁ። ሥራ ይበዛብሽ ይሆን አለች። ድንጋይ ውሃ ከማጠጣት በቀር ምን ሥራ አለኝ? በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጨመረ ዋናው ምድር ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል እንደምትልከኝ፣ ምንም ቃል ልትገባልኝ እንደማትችል ነገረችኝ።

ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ የአባባን ደብተር ገለጥኩ።

የዚያን ቀን ጠዋት መዝነዋታል። ሁለት ኪሎ ከአምስት መቶ ስልሳ።

በአንድ ወር ሦስት መቶ ግራም።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

በነጋታው አራት ሰዓት ላይ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ እንደ ልማዴ ጓሮ ወጣሁ። ጭኔ ላይ አደረግኳት። ሆዴ ውስጥ ያለው ዝም ብሏል። እሷ ግን ሥሯ ይሞቃል። ሁለቱንም ባንድ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ።

እማማ ቶሺኤ ስልክ ተደውሎልኝ ሊጠሩኝ ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በኩል መጡ። ቀይ ጨርቃቸውን አዩ። ከዚያ ድንጋዩን አዩ።

ቆሙ።

"ይህን... ከየት አመጣችሁት?" አሉ በሹክሹክታ።

"አባባ ናቸው ያመጡት። ሚያዝያ ላይ።"

"እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ዋሻው ውስጥ፣ ለልጅሽ። በዚህች በቀይዋ ሥር ነው የመረጥኩት... እትብት ስለምትመስል።"

ሁለት ወር ሙሉ ከእማማ መኝታ ቤት አሥር እርምጃ ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ዞር ብለው ቢያዩ ያውቋት ነበር። ዋሻው ውስጥ ሲያጧት ማዕበሉ ወሰዳት ብለው ለብቻቸው አልቅሰው ነበር።

አባባ ኩኒዮ ጣሳቸውን ይዘው ከኋላችን ቆመዋል። ሰምተዋል።

"ውጭ ነው ያገኘሁት" አሉ። "ከዋሻው አፍ ውጭ፣ አሸዋው ላይ። ከውስጥ አልነካሁም። ውጭ ያለ የማንም አይደለም ብዬ..."

"አንድ ቀን አብረኸኝ ብትመጣ ታውቃት ነበር" አሉ እማማ።

አባባ ጣሳውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ውሃው ግማሹ እግራቸው ላይ ፈሶ ነበር። እኚያ ሰው ሞተር ሲፈነዳ እንኳ የማይደነግጡ ሰው ናቸው።

በማንም አልፈረድኩም። እኔ በሁለቱም የሳቅኩ፣ የትም ያልሄድኩ እናቷ ነኝ።

ከዚያ ስለ ሆዴ ነገርኳቸው። ስለ ካርዷ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ሦስት መቶ ግራሙ። እማማ ወደ ወጥ ቤቱ ደረጃ አዩ። ክምሩ በዚያ ቀን ከጉልበቴ በታች ደርሶ ነበር። የነገርኳቸው ነገር የለም፤ አይተውት ግን የእኔ ጨዋታ መስሏቸው ነበር።

"እዚህ የሚያፈርስባት የለም" አሉ።

"ከሞላላትስ?"

"ትሻገራለች።"

"ወዴት?"

ሆዴን አዩት።

...

ያኔውኑ ተነሳን። ድንጋይዋን በጨርቅ ቋጥሬ እኔው ያዝኳት። የደረጃውን ጠጠሮች እማማ በሽርጣቸው አፈሱ። ስምንት ነበሩ። አንዷም እንዳትቀር አሉኝ፣ የሷ የሆነ ሁሉ መመለስ አለበት።

መንገዱ በባሕሩ ዳር ነው። ፀሐይ፣ ሙቀት፣ የባሕር አረም ሽታ። መረብ የሚጠግኑ ሰዎች ሰላም አሉን። ሰላም አልናቸው።

በየእርምጃው ከበደችኝ። መጀመሪያ እንደ ሕፃን... ከዚያ እንደ ዓመት ልጅ... ከዚያ ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ። አባባ ልያዝልሽ አሉ። እምቢ አልኩ። ያኔ አልተሸከምኳትም፤ በፎጣ ጠቅልለው ነው የወሰዱብኝ። አሁን ልሸከማት አልኳቸው። አባባ ፊታቸውን አዞሩ።

ዋሻው ጠባብ ነው። በየጥጉ የጠጠር ክምር፣ የደበዘዘ አሻንጉሊት፣ ነፋስ የሚያሽከረክራት የወረቀት አበባ። አንድ ጥንድ ትንሽ ጫማ። ሳቄ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

እማማ በጆሮዬ ነገሩኝ። አስቀምጪያት፣ በስሟ እንዳትጠሪያት፣ ስትወጪ እንዳትዞሪ፣ ምንም ይዘሽ እንዳትወጪ።

"ስም የላትም" አልኳቸው። "ልጥራት ብልስ በምን እጠራታለሁ?"

እማማ አፋቸውን ያዙ።

አስቀመጥኳት። ቀዩን ጨርቅ አስተካከልኩላት። እማማ ስምንቱን ጠጠሮች ከጎኗ ከመሩላት። እጄን ከሥሯ ሳወጣ ሙቀቱ መዳፌ ላይ ቀረ።

ወጣን። አባባ ከፊት፣ እማማ በመሃል፣ እኔ መጨረሻ።

ከኋላዬ...

ጠቅ።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ድምፅ።

ጠቅ...

አልዞርኩም። ሆዴ ውስጥ ያለው ያን ጊዜ ተራገጠ። በሁለት ሳምንቱ ሲመዘን ዘጠኝ መቶ ግራም ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሐኪሟ መሣሪያው ተሳስቶ ነበር ማለት ነው ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ጥቅምት ላይ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ጩኸቱ ኮሪደሩን አልፎ ይሰማ ነበር። ኢቡኪ አልነው፤ በእኛ ቋንቋ ትንፋሽ ማለት ነው።

አባባ ድንጋዮቻቸውን በሙሉ ለማኅበሩ ሰዎች አደሉ። አሁን በየወሩ የእማማን ዘንቢል ተሸክመው አብረዋቸው ዋሻው ይሄዳሉ። መንገድ ላይ መፎጋገራቸውን ግን አልተዉም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ታሪክ ነበር።

...

ጠጠሮቹ ስምንት ነበሩ ብያችኋለሁ።

ዘጠኝ ነበሩ።

እማማ ለማፈስ ሲያጎነብሱ ከላይ ያለችውን፣ ባቄላ የምታክለውን፣ አንስቼ ኪሴ ከተትኳት። ፎቶ የላትም። ስም የላትም። ልብሷን እንኳ አልሰጡኝም። አንዲት ጠጠር ምን ታደርጋለች አልኩ...

ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ፣ ትንሽ የሻይ ሲኒ ውስጥ አስቀመጥኳት። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ውሃ አጠጣታለሁ። ይኸው አምስት ዓመት ሊሞላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሆነች ይጠይቀኛል። የአማቴ አመል ተጋብቶብኝ ነው፣ ጊዜ ማሳለፊያዬ ነው እላለሁ። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ትናንት የልጆች ቀን ነበር። በዚያ ቀን የልጆችን ቁመት የቤቱ ምሰሶ ላይ ምልክት እናደርጋለን። ኢቡኪን አቆምኩት። አራት ዓመት ተኩል ሆኖታል። እርሳሱን ጭንቅላቱ ላይ አስደግፌ አሰመርኩ።

አዲሱ መስመር ያምናው መስመር ላይ አረፈ።

ቀጥ በል አልኩት። እንደገና ለካሁት። ሦስቴ ለካሁት።

እዚያው ነው። ንቅንቅ አላለም።

"እማዬ፣ አላደግኩም?" አለኝ።

አድገሃል አልኩት። እርሳሱ ከእጄ ወድቆ ከምሰሶው ጀርባ ተንከባለለ። ላነሳው ዞርኩ።

በዚያኛው ጎን፣ ወደ መስኮቱ በሚያየው በኩል፣ ሌሎች መስመሮች አሉ።

በእርሳስ አይደሉም። በድንጋይ የተጫሩ ናቸው። አምስት ናቸው። አንዱ ካንዱ ከፍ እያለ... አምስተኛው ደረቴ ጋ ይደርሳል። የስምንት ዓመት ልጅ ቁመት።

አምስተኛውን በጣቴ ነካሁት። እርጥብ ነው።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ሲኒው ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ባቄላ የምታክለው ጠጠር እጄን ትሞላለች። ጎኗ ላይ ቀይ ሥር አውጥታለች።

ይህን የምጽፍላችሁ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። እማማና አባባ ደጅ ናቸው፤ የማን ዘንቢል እንደከበደ ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል። ዛሬ ዋሻ የሚሄዱበት ቀን ነው። ብጠራቸው ይዘዋት ይሄዳሉ። በአርባ ደቂቃ ሁሉም ያልቃል።

እጠራቸዋለሁ። ልጄ ነዋ፣ እጠራቸዋለሁ እንጂ።

ኢቡኪ ከፊት ለፊቴ ሩዙን ይበላል። እግሩ ወለል አይነካም፣ ያወዛውዘዋል። እሷ መስኮቱ ላይ ናት። መጻፍ ስጀምር ፊቷ ወደ ባሕሩ ነበር።

አሁን ወደ እሱ ዞሯል።

ለአራት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀራል... ጣሳውን ሞልቼዋለሁ።